ያለ ባለቤቱ የመቆየት አቅም

ኤልዳና መገናኛ ካሉት የካርድ ሱቆች ወደ አንዱ የገባችው አንገቷን ደፍታ ነው። በ2068 ዓ.ም. አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ባለትዳር፣ የእድር አባል፣ አሁንም ጮራ ሁለት የተባለውን አሮጌ ካርድ እየተጠቀመች መሆኗን ለሻጭ መናገር እንዴት ይቀላል? ባለፈው ሳምንት የደረሰባት ግን ከዚህም የባሰ ነበር። የባሏ የያፌት አክስት ልቅሶ ላይ ጥላዋ፣ ማለትም ካርዱ በእሷ ፋንታ የሚልከው ምስሏ፣ ከሌሎቹ ጥላዎች ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ደረቷን ስትመታ፣ ፊቷ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልታየችም። አጠገቧ የነበረችው የጎረቤት ጥላ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። የኤልዳና ደግሞ እንደ ባዶ ሰሃን ድርቅ ያለ ነው።

"የያፌት ሚስት ዓይነ ደረቅ ናት" አለች አንዷ። ሹክሹክታ በካርድ ከአካል ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ወሬው አያት ኮንዶሚኒየም፣ ኤልዳና ሳሎን፣ ሶፋዋ ድረስ መጣ። ያፌትም ሰማ።

"ታዲያ በአካል ሄዳ አታለቅስም ነበር?" የሚል ካለ እሱ የዛሬ ሰው አይደለም። ልቅሶ በአካል የሚሄድ ወይ ካርድ የሌለው ነው፣ ወይ ንፍሮ አምሮት ነው ይባላል። ሰው ደግሞ የሚባለውን ይፈራል። ስንት ነገር ተለወጠ፣ ይሉኝታ ግን እንዳለች አለች።

ሻጩ ቃልአብ የሚባል አፈ ቅቤ ጎልማሳ ነው። "እትዬ፣ የያዙት የትኛውን ነው?" አላት።

"ሁለትን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ጮራ ሁለትን?" አለ ሱቁ ሙሉ እስኪሰማ። "ኧረ ጎሽ! ዕቃ አያያዝ ያውቁበታል ማለት ነው።"

ሁለት ደንበኞች ዞር ብለው አዩዋት። ኤልዳና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቃልአብ ግን ሥራው ነውና፣ አንድ ጮራ ሁለት እና አንድ ጮራ ሰባት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱም ጥቋቁር ናቸው። ሰባቱ ወፍራምና ሦስት ማራገቢያ ያለው ነው።

"ከኮር እንጀምር" አለ። "ሁለት፣ ስድስት ሺህ ኮር አለው፤ ሰባት፣ አርባ ስምንት ሺህ። ኮር ማለት ደቦ ላይ የወጣ ሰው ይበሉት። ስድስት ሺህ ሰው የሚያጭደውንና አርባ ስምንት ሺህ ሰው የሚያጭደውን ያወዳድሩ እንግዲህ። ሜሞሪው ደግሞ፣ የሁለት ሃያ አራት ጊጋ ነው። ድንኳኑ ሞላ ካለ ፊት ማምታታት ይጀምራል።"

"እውነትህን ነው" አለች ኤልዳና። አንድ የያፌትን አጎት ሁለት ጊዜ "እግዜር ያጽናዎት" ብላ ነበር።

"የሰባት ግን፣ መቶ ዘጠና ሁለት ጊጋ ነው። ቀብር ሙሉ ሰው ይይዛል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ጭምር። መብራት ግን ይበላል፣ አልዋሽዎትም። እሱ ሲያለቅስ ምድጃ እንዳይለኩሱ። ከዚያ በሴኮንድ ስንት ሒሳብ እንደሚሠራ የተሰላ አቅሙ አለ። ሁለት፣ አርባ ቴራፍሎፕ፤ ሰባት፣ ዘጠኝ መቶ። በወረቀት ሃያ ሁለት እጥፍ ይበልጣል።"

"በወረቀት ማለት?"

"በንድፈ ሐሳብ ነዋ! መብራቱ ባይዋዥቅ፣ ክፍሉ ባይሞቅ፣ ሁሉ ቢሟላለት ሊሠራ የሚችለው። ሙሉውን ሲሠራ ያየሁት ካርድ የለም። ሰውስ ቢሆን መቼ የሚችለውን ሁሉ ያደርጋል?"

ኤልዳናን ንድፈ ሐሳብ አላስጨነቃትም። የመጣችበትን ጠየቀች። "እንባስ?"

ቃልአብ ሳጥኖቹን አገላበጠ። "እንባ ሁለቱም ላይ አለ።"

"ሁለት ላይ የለም። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"አለ እትዬ፤ ያው ተጽፏል።"

"እንግዲያው የእኔው ተበላሽቷል" አለች ቆጣ ብላ። ቃልአብ አልተከራከረም፤ ሊሸጥ እንጂ ሊያስታርቅ አልተቀመጠም።

"መጨረሻው ይኼ ነው" አለ። "ያለ ባለቤቱ የመቆየት አቅም። ሁለት፣ የለውም። ሰባት፣ ሰባ ሁለት ሰዓት።"

"ምን ማለት ነው?"

"እርስዎ ከካርዱ ፊት ተነሥተው ቢሄዱ ጥላዎ አትነሣም ማለት ነው። ሲጠይቋት ትመልሳለች። የሟች ወዳጅ ሲገባ አይታ ትጮኻለች። ስንት ሺህ ልቅሶ አይቶ የተማረ ካርድ ነው፤ ምን እንደሚባል ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቃል።"

"ውይ በሞትኩት! በሰው ሐዘን ላይ?"

"ልቅሶ ሦስት ቀን ነው፤ ሰባ ሁለት ሰዓትም ሦስት ቀን ነው። ሠሪዎቹ ቁጥሩን ዝም ብለው የመረጡት ይመስልዎታል?"

"እኔ በዚህኛው አልጠቀምም" አለች ኤልዳና።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለና ሰባቱን ጠቀለለላት።

ቤቷ ከመግባቷ በፊት ካርዱን ለማሳየት ሦስተኛ ፎቅ ሐሴት ጋ ጎራ አለች። ሐሴት አብሮ አደጓ ናት። አሰላ አንድ ግቢ አድገው፣ አዲስ አበባ አንድ ሕንጻ ላይ ገጠሙ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሐሴት አልጋ ይዛለች። በሽታው ሥጋዋን ጨርሶ ዓይንና ጥርስ ብቻ አስቀርቷታል። አሰላ ያሉት እናቷ እማማ ሜላት ይህን አያውቁም። በየቅዳሜው የሐሴት ጥላ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ፣ እናቷ ሳሎን ብቅ ትልና ትጫወታለች። እሷም ካርዷ ሰባት ነው።

የዚያን ቀን ቅዳሜ ነበር። ኤልዳና ስትገባ የሐሴት ጥላ አሰላ ናት፤ ሐሴት ራሷ ደግሞ ጋቢ ተከናንባ፣ የጋቢውን ጫፍ ነክሳ፣ የገዛ ጥላዋን በትንሿ ስክሪን እያየች ነው።

"እማዬ፣ ጎመኑስ በቀለ?" ትላለች ጥላዋ።

"በቅሏል። ዶሮ ጫረው እንጂ" ይላሉ እማማ ሜላት።

"ውይ ያቺ ቀይዋ! እረዳታለሁ ብለሽ አልነበር?" ትላለች ጥላዋና ትስቃለች። ሳቋ የሐሴት የቀድሞ ሳቅ ነው፤ አንድም የጎደለው የለም። አልጋ ላይ ያለችው ሐሴት ከንፈሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

እማማ ሜላት ያችን ሳቂታ ቆይተው ቆይተው አዩዋትና፣ "ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" አሉ።

ጥላዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች። "አዎ እማዬ" አለች።

ሐሴት ስክሪኑን በእጇ ገፍታ ጣለችው። ኤልዳና የያዘችውን አዲስ ካርድ ከጀርባዋ ደበቀች፤ ለምን እንደደበቀችው ግን አላወቀችውም።

"ስሞት እማዬ ጋ ትሄጃለሽ" አለች ሐሴት።

"ኧረ አፍሽን ቁረጪ!"

"ስሚኝ! በአካል ነው የምትሄጂው። በካርድ እንዳይሆን። 'ልክ ነበርሽ' በያት። 'ያቺ እኔ አልነበርኩም፤ አንቺ ግን አውቀሽኛል' ብላለች በያት። ይህን መልኬን እንዳታይብኝ አፍሬ እንጂ ንቄያት አይደለም። ስትጠይቀኝ በሰማሁ ቁጥር አልጋዬ ላይ ሆኜ አይደለሁም እያልኩ ነበር በያት።"

"ሐሴት…"

"በአደራ።"

"በአደራ" አለች ኤልዳና የከሳውን እጅ ይዛ። "የእናቴ አጥንት ይውጋኝ።"

ሐሴት በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ አረፈች። አስከሬኗ በተዘጋ ሳጥን ወደ አሰላ ተላከ፤ ድንኳን ተተከለ። ኤልዳና ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ አወረደች።

"በአካል?" አለ ያፌት። "ምን አጥተን ነው? ካርድ በተገዛ በአሥር ቀኑ! እድሩ ምን ይላል? ሰዎቹስ ለንፍሮ መጣች አይሉሽም?"

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። የሚለውም ሁሉም ሰው የሚለውን ነው። ኤልዳና ሻንጣውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ድንኳኑ ውስጥ ጥላ መሀል ብቻዋን በሥጋዋ ቆማ፣ በአቧራማ ጫማ፣ ሁሉም ሲያያት ታያት። ለአርባው እሄዳለሁ አለች። ለአርባው ሰው ይቀንሳል፤ እማማንም ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ አለች። በንድፈ ሐሳብ ኤልዳና አደራ አክባሪ ነበረች።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ካርዱ ፊት ራሷ ተቀመጠች። ይህን ልንነፍጋት አይገባም። ደረቷን መታች፣ የሐሴትን ስም ጠራች፣ አለቀሰች። ግድግዳው ጥግ ላይ ጥላዋ እንዴት እንደምትታይ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለ። እዚያ ውስጥ እንባዋ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ኤልዳና ጉንጯን ነካችው፤ ደረቅ ነው። ይሄኛው ይሠራል አለችና ደስ አላት። ደስታው ራሱ ወዲያው አሳፈራትና እንደገና ደረቷን መታች።

በማግስቱ ከሰዓት ወገቧን አመማት። አንዴ ጋደም ልበል አለች። ከእጇ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ነካችና ተነሣች። ጥላዋ አልተነሣችም። የካርዱ ማራገቢያ ብቻ ድምፁ ጨመር አለ። ኤልዳና መኝታ ቤት ገብታ ጋደም አለች፤ እንቅልፍ አልመጣም፤ ተከታታይ ድራማዋን ከፈተች። ሁለት ባልቴቶች ለአንድ ሽማግሌ የሚጣሉበት ክፍል ነበር። ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች። አሰላ ድንኳን ውስጥ በእሷ መልክ ሌላ ሰው ያለቅሳል።

ሦስተኛውን ቀን ካርዱ ፊት አልተቀመጠችም።

ድንኳኑ ሲነሣ የእድሩ ሴቶች ደወሉላት። "ያንቺስ ልቅሶ ልዩ ነው! አንጀታችንን በላሽው እኮ" አሏት። ያፌት ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። ኤልዳና "እህቴ እኮ ነበረች" አለች። እውነት ነበር፤ እህቷ ነበረች። ስትናገረው ግን ጆሮዋ ጋለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሎኗ ውስጥ የሐሴት ታላቅ ወንድም የኪሩቤል ጥላ ብቅ አለ። ኪሩቤል ድሬዳዋ ነው የሚኖረው፤ ትሑት፣ ቃሉ የተለካ ሰው ነው።

"ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት" አላት። "እማዬ ድንኳን ውስጥ ስትጠይቅሽ የመለስሽላት መልስ ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው።"

ኤልዳና ደንገጥ አለች። ምን ጠየቁኝ ብላ እንዴት ትጠይቅ? አጠገባቸው ሆና ስታለቅስ የዋለች ሰው ናት። "የቱን ማለትህ ነው?" አለች እንደ ዋዛ።

"ያቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ የነበረችው ልጄ አይደለችም፣ አንቺ ጎረቤቷ ነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ ስትልሽ። አጠገቧ እንደነበርሽ፣ ያቺ ራሷ ሐሴት እንደነበረች፣ ሳትታመም፣ ስለ እናቷ እያወራች፣ እየሳቀች እንዳረፈች ነገርሻት። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔም እስከዚያ ድረስ እየተጠራጠርኩ ነበር። እማዬ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰባት። ሰው ሁሉ ሲመጣ አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ትላለች። ልጇን ካላወቀች እንግዲህ አእምሮዋ ሄዷል ማለት ነው። የአረጋውያን ማቆያ አግኝቼላታለሁ። ቤቱን ዘግተን ሰኞ ትገባለች። ያንቺ ምስክርነት ባይኖር ልቤ አይቆርጥም ነበር።"

ኤልዳና ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። አሁን መናገር አለብኝ አለች በልቧ። እኔ አልነበርኩም፣ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ሆኜ ድራማ እያየሁ እስቅ ነበር ማለት አለብኝ። አፏን ከፈተች።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለች።

ኪሩቤል እጅ ነስቶ ጠፋ። ኤልዳና ሄዳ የካርዱን ሶኬት ነቀለችው። ሦስቱ ማራገቢያዎች ወዲያው አልቆሙም። እየዞሩ፣ እየዞሩ ቆዩ። እስኪቆሙ ድረስ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ "አቤት የእኔ ነገር፣ አቤት የእኔ ነገር" ትል ነበር።

"ነገ አሰላ እሄዳለሁ" አለች ያፌትን።

"በካርድ ደውለሽ ብትነግሪያቸውስ?"

"በካርድ ነው እኮ የገደልኳቸው!"

"ሰው ምን…" ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው።

አውቶቡሱ ውስጥ ከእሷ ሌላ የቀን ሠራተኞችና የታሰሩ ዶሮዎች ነበሩ። መስኮቱ ላይ ተደግፋ ሐሴትን አሰበቻት። ማልቀስ ፈለገች፤ ዓይኗን ስትጠርግ እጇ ደረቅ ነው። ይሄኔ ያ ሻጭ ትዝ አላት። "አለ እትዬ፤ ያው ተጽፏል።" ጮራ ሁለት አልተበላሸም ነበር። ያላትን ነበር ያሳየው። እናቷ የሞተች ጊዜም እንባ አልወጣትም። በአሥራ አራት ዓመቷ፣ ሰው ሁሉ በአካል በሚመጣበት ዘመን፣ ጓሮ ተቀምጣ ሦስት ቀን የለቀስተኛ ሰሃን አጠበች። እንዴት ረሳችው? ካርድ ቀየረች፤ ሊቀየር የሚገባው ግን ካርዱ አልነበረም። ለሰው ዓይን ብላ የሌላትን እንባ ገዛች፤ እንባው ደግሞ ከነምላሱ መጣ።

የእማማ ሜላት በር ክፍት ነበር። ከደጃፉ ውስጥ አንድ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን ገና መርፌ ላይ ክር ያስገባል።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ" አለች ኤልዳና ከደጅ ቆማ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ያቺም እኔ ነኝ ብላኝ ነበር።"

ኤልዳና ገብታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እማማ ሜላት እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ጫማዋን ነኩ፤ አቧራውን በጣታቸው አሹት። ከዚያ ጉንጯን፣ ከዚያ ከዓይኗ ሥር ያለውን። ጣታቸውን አንሥተው አዩት። ደረቅ ነው።

"አንቺ ነሽ" አሉ። "ድንኳን ውስጥ ያቺ እንባዋን ስታፈሰው ነው ያወቅኋት። ይቺን ልጅ እናቷ ስትሞት አይቻታለሁ፣ የእሷ ልቅሶ በእጇ ነው የሚወጣው፣ ይቺ ሌላ ናት አልኩ። ግን ለማን ልንገር? ቅዳሜም አይደለችም አልኩ፣ ድንኳንም አይደለችም አልኩ። ሁሉም አዎ እኔ ነኝ ይሉኛል። ይሄ ሁሉ ሰው ከሚሳሳት እኔ ጃጅቼ ይሆናል አልኩና ሻንጣዬን አሰርኩ።"

"አልጃጁም!" አለች ኤልዳና። "አደራ አለብኝ፣ እማማ። በአካል ሄደሽ ንገሪያት ብላኝ ነበር። 'ልክ ነበርሽ' ብላለች ሐሴት። 'ያቺ እኔ አልነበርኩም፤ አንቺ ግን አውቀሽኛል' ብላለች። ዓመት ሙሉ ታማ ነበር። ከስታ መልኳን እንዳያዩባት አፍራ እንጂ ንቃዎት አይደለም። እርስዎ አንቺ ነሽ ሲሏት እሷ አልጋዋ ላይ ሆና አይደለሁም ትል ነበር።"

እማማ ሜላት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙት።

"ድገሚልኝ" አሉ።

"ልክ ነበርሽ ብላለች።"

"ልጄን አውቄያት ነበር።"

"አውቀዋት ነበር፣ እማማ።"

አሮጊቷ አለቀሱ፤ የእሳቸው እንባ ነበራቸው። ኤልዳና እግራቸውን እንደያዘች ቆየች። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "አንቺስ?" አሉ። "ድንኳን ውስጥ ያን ሁሉ ውሸት ሲነግሩኝ የት ነበርሽ?"

ምን ትበል? ታምሜ ነበር ብትላቸው ያምኗታል። መንገድ ተዘግቶ ነበር ማለትም ይቻላል። ኤልዳና መሬት መሬቱን እያየች፣ "አልጋዬ ላይ ሆኜ ድራማ እያየሁ ነበር" አለች። "እየሳቅሁ ነበር።"

እማማ ሜላት እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ አነሡ። ያ እጅ ሲነሣ የተሰማት እፍረት ከሁሉ የባሰ ነበር፤ ሰውነቷ ሁሉ የተገለጠ መሰላት። አሮጊቷ ግን ውጪ አላሏትም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሏትም።

ይሄኔ ሳሎኑ ጥግ ላይ ብርሃን ብልጭ አለና የኪሩቤል ጥላ ቆመ። "እማዬ፣ ሻንጣሽን አዘጋጀሽ?" አለና ኤልዳናን አያት። "ኤልዳና? አንቺም መጣሽ?"

ኤልዳና ተነሥታ ቆመች። "ኪሩቤል፣ ድንኳን ውስጥ የመሰከርኩት እኔ አይደለሁም። ካርዱን ትቼው ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ትመጣ የነበረችውም ሐሴት አልነበረችም፤ ሐሴት ራሷ ነግራኛለች። እናትህ ጤነኛ ናቸው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"እማዬ" አለ ጥላው በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይቺ ሴትዮ ምን እንደሆነች አላውቅም። ያን ጊዜ እንደዚያ ስታነባ አይተናታል። አሁን ስለ ሐሴት እያወራች እንባ እንኳ የላትም። እንዴት ልመናት?"

"አዎ የላትም" አሉ እማማ ሜላት። "እሷ ራሷ ስለሆነች ነው። ና፣ መጥተህ በእጅህ ነክተህ እያት። ከዚያ ውሰደኝ።"

"እሺ እማዬ፣ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ ደኅና ሁኚልኝ። ሐዘን ከባድ ነው፤ ሁላችንንም ያማል፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ኤልዳና ቃላቱን አወቀቻቸው። ስንት ልቅሶ ላይ፣ ከስንት አፍ ሰምታቸዋለች። ምናልባት ኪሩቤል ድሬዳዋ ውስጥ ምሳ እየበላ ይሆናል፤ ምናልባት ተኝቷል። እማማ ሜላትም አዩት። ቆይተው ቆይተው አዩት፤ አልተቆጡም።

"ልጄ" አሉ፣ "አንተ ነህ?"

ጥላው አንገቱን ዘንበል አደረገ። "አዎ እማዬ" አለ።

ኤልዳና ያን አንገት ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን አዞረች። የሐሴትም እንዲሁ ነበር የዘነበለው። የእሷም ድንኳን ውስጥ እንዲሁ ሳይዘነብል አልቀረም።

እማማ ሜላት ወደ እሷ ዞር አሉ። "ሰማሽው?"

"ሰማሁ፣ እማማ።"

"እንግዲያው ሰኞም እዚሁ ነኝ። እሱ በእግሩ እስኪመጣ አንቺም የትም አትሄጂም፤ ምስክሬ ነሽ" አሉና በአገጫቸው ወደ ደጃፉ አመለከቱ። "በይ ያን ሻንጣ ፍቺልኝ።"

ኤልዳና አጎንብሳ ገመዱን መፍታት ጀመረች። ጥብቅ ተደርጎ ነበር የታሰረው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጥታ እያራገፈች አጣጠፈች፣ ቦታቸው መለሰች። ከዚያ ሳትጠየቅ ወደ ጓዳ ገባችና ያልታጠቡትን ሰሃኖች ማጠብ ጀመረች።